አርባ ዘጠነኛው ቀን

ሄርማታ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት ጓሮ፣
ሦስት አሮጌ ማሽን ያጉረመርማል፣ ዝናብ ሲወርድ በቆርቆሮ።
ሥራው ቀላል ነው፤ ፋይል ማኖር፣
ላውርድ ላለ ሁሉ በሩን ከፍቶ ማደር፤
የከሰረ ኩባንያ ድራይቨር፣ ያረጀ የፊደል ቅርጽ፣
የአሥረኛ ክፍል ፈተና፣ በስካነር የተነሣ፣ ገጽ በገጽ።
ጭቅጭቁ ሌላ ነው፦ ይህን ሁሉ የትኛው ይሸከመው?
እኔና ሸምሲያ ሦስት ክረምት ሙሉ ያልፈታነው።

መጀመሪያ ዘጠና ስምንት፣ የናስር አባ ቡልጉ ውርስ፤
ሲከፋው ፊቱን ሰማያዊ አድርጎ ዝም የሚል ዊንዶውስ።
ይህ ማሽን፣ ይላሉ፣ ጊዜ የሚቆጥርበት ቋቱ ጠባብ ነው፤
ሳይጠፋ አርባ ዘጠኝ ቀን ከሠራ ቁጥሩ ሞልቶ የሚያፈዘው።
እኔ ግን ስንት ዓመት አብሬው ስኖር ያን ሕመም አላየሁም።
ጅማ ላይ መብራት አርባ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ አያውቅም።

እንከኑ ወዲህ ነው፤ በአማርኛ ስም ያወጣሁለትን ፋይል
በጥያቄ ምልክት ደርድሮ «ማን ልበል?» ይለኛል።

ኤክስፒ መልከ መልካም ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣
«የማና ጋራ ነው» ትላለች ሸምሲያ፣ «ከብቱ የጎደለ።»
የደጁ ሕግ ግን ጥብቅ ነው፤ አሥር ሰው ካስገባ
አሥራ አንደኛውን ይመልሰዋል፣ ቢለምን ቢያባባ።
በፈተና ሰሞን
አሥራ አንደኛ ሆኖ የማያውቅ ተማሪ የለም።

ሦስተኛው ዴቢያን፤ መስኮት የለው፣ ሥዕል የለው፣ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ፣
ሊያደርግ ያሰበውን ሳያደርግ በፊት በማስታወሻው የሚጽፍ።
መብራት ሄዶ ሲመጣ ደብተሩን ገልጦ «የት ነበርኩ?» ይላል።
(ይህ ልማድ ለኔ ተሰጥቶኝ ቢሆን፣ ስንት ነገር ባልፈረሰ!)

ሸምሲያ አትወደውም። «ሲታመም ማን ያክመዋል? አንተ አጋሮ ስትሄድ
ይህን ጥቁር ገደል በምን ቋንቋ ላናግረው፣ በምን መንገድ?»
እውነቷን ነው። ካንድ ሰው በቀር የማይገባበት ማኅደር
ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር የተቀበረ ሣጥን ነው፤ ሙሉ ነው፣ ግን አይነገር።

ሐሙስ ለት ራህመት መጣች ከሰቃ ጨቆርሳ፣
ድራይቨሩ ጠፍቶበት የከረመ የቀበሌ ፕሪንተር ልታስነሣ።
ከዴቢያኑ ስታወርድ፣ ስልሳ አንድ ከመቶ ላይ፣ መብራት እልም።
ቅዳሜ ተመለሰች።
ከስልሳ አንድ ቀጠለ።
ራህመት ሳቀች፤ ሸምሲያ ዝም አለች፤
እኔ «አየሽ?» ልል ስል ተውኩት።

ማክሰኞ በሚኒባስ ረዳት እጅ አንድ ወረቀት ደረሰኝ፣
ጠርዙ ግራና ቀኝ የተበሳሳ፣
ከላይ እስከ ታች የሰው ስም ዝርዝር፦
ሁሉም የጥያቄ ምልክት።
ከግርጌው በእስክርቢቶ፦
«ማተሙን ያትማል፣ አላህ ይስጥህ።
ስማችንን ግን አልተማረም።»

ሸምሲያ አነበበችው፤ ወንበሯን ወደ ጥቁሩ ገጽ ሳበች።
«ፊደሉ የትኛው ፎልደር ውስጥ ነው?» አለች።
ነገርኳት። ባንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈችው።
ውጭ ዝናብ ነው።
መብራት ከመጣ አራተኛ ቀኑ።