ስምንተኛው መስመር

ቅዳሜ አመሻሽ፣ ከኦሊፋንትስ ወንዝ ዳር፣
ሥጋው ጨው ለብሷል፤ እሳት ነው የሚቀር።

አማቻችን ዴዝሞንድ ከኬፕታውን መጥቷል፤
ከመኪናው ኋላ ሲሊንደር አውርዷል፦
«ጭስ የለው፣ አመድ የለው፣ ቁልፉን መጠምዘዝ!
በሩብ ሰዓት እራት፤ ምን ያሻል መፍዘዝ?»

ወንድሜ ፍሎሪስ ግን፣ ከነዳጅ ማደያ
የገዛውን ከረጢት እየጎተተ ወዲያ፣
«ከሰል ነው የማምነው፤ እኩል ነው የሚግል።
ጋዝ ላይ የበሰለ፣ ሥጋ ነው ሊባል?»

እናቴ ድሪና፣ ሊጥ እያድቦለቦለች፣
«ከባሕሩ ዳር ግራር አምጡልኝ» አለች፤
«ያ መጤ እሾሃም ዛፍ ጠረፉን ቢወርም
ፍሙ ሁለት ሰዓት ሰውን አይከዳም።»

አባቴ ዝም አለ።

ከቤታችን ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ ላይ፣
አንድ ክምር አለ፣ ማንም ደፍሮ የማያይ፤
የወይን ጉቶ ነው፣ ጠማማ፣ ጥቁር፣
እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማቱ የሚቆጠር።
ባለ እርሻው ወይኑን ነቅሎ መንደሪን ሲተክል፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ለከረከመው ክንድ
የሰጠው ስንብት ይኸው ነው፦ ማገዶ፣
ተጎታች ሙሉ፣ አንድ።
ሰባት ወር ተቀመጠ። ዝናብ መጣ፣ ሄደ።
ማንም አልነካውም፤ አንድም አልነደደ።

ዴዝሞንድ አያውቅም፤ እየሳቀ ጠየቀ፦
«ይሄ ደረቅ እንጨት ለማን ተጠበቀ?»
እናቴ ሊጡን ተወች።
ፍሎሪስ ጫማውን አየ።

አባቴ ተነሣ። ክምሩን አገላበጠ፤
እንደ በግ ገዢ እየዳሰሰ መረጠ፦
«ይቺ ከስምንተኛው መስመር፣ ጫፍ የነበረች፣
በዚያ የውርጭ ዓመት ብቻዋን ያፈራች።
ይሄኛው ደግሞ አውራ ጣቴን የላጠኝ፣
መቀሱን አንሸራቶ ጠባሳ የሰጠኝ።»
ሦስት ብቻ አነሣ፤ አንድ እንጨት አይነድም።
ክብሪቱን ጫረ፤ እጁ ግን አልረጋም።

ጉቶ አይቸኩልም። መጀመሪያ ይንጣጣል፣
ከዚያ ይተክዛል፣ ከዚያ ደግሞ ይስቃል።
ልጆቹ ራባቸው። እርስ በርስ ተያየን።
ፍም ይሁን ስንለው ነበልባል ሆነብን።
በመጨረሻ ዴዝሞንድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ጋዙን ለኮሰልን፣ ከመኪናው ጀርባ ሸሽጎ።
ቋሊማውን በላን፤ ማንም አላማረረ።
የከሰሉ ከረጢት እንደታሰረ አደረ።

ፍሙ የመጣው ሳህን ከታጠበ በኋላ ነው፤
ቀይ፣ ጸጥ ያለ፣ እኩል፣
ምንም ያልተጣደበት።
እናቴ የተረፈችውን አንዲት ድቡልቡል ሊጥ
ፍርግርጉ ላይ አኖረችለት።
አባቴ በጣቱ ገለበጣት፣ አመዷን እፍ አለ።

ዴዝሞንድ የጋዙን ቁልፍ አጥብቆ ዘግቶ
ወንበሩን ይዞ መጣ፤ ተቀመጠ፣ ቃል ሳያወጣ።
ዳቦው ለሁለት ተቆረሰ። ትኩሱ እጁን ፈጀው።
«እስኪ» አለው አባቴ፣ «ስምንተኛውን መስመር ቅመሰው።»