ከአንድ እስከ ዘጠኝ

እኔ ከግራ ነው ማንበብ የለመድሁት፣
ውሉ ግን ከቀኝ ነው፣ በፊርማ ያሰርሁት።
ልጄ አቪጋይል ናት መሐል የገባችው፣
አሥራ አራተኛዋን አንቀጽ ያነበበችው፦
«እማ፣ ኪራዩ በመባቻ ነው፤
ከዚያ ያለፈ ቀን፣ እያንዳንዱ ቀን፣
ሃምሳ ሰቅል ነው።»

የትምህርት ቤቱ ደመወዝ በዘጠኝ ይገባል።
ከአንድ እስከ ዘጠኝ ስንት ሌሊት ያድራል?
የማጥበው ኮሪደር ስምንት ክፍል አለው፤
አንድ ክፍል ስጨርስ አንድ ቀን አለፈው።
ስምንት ክፍል፣ ስምንት ቀን፣ አራት መቶ ሰቅል፤
እኔ መወልወያ፣ ውሉ ዕዳ ሲሰቅል።
የተቋጠረ ክር ውሉ ሲጠፋበት
ሰው ጫፍ ይፈልጋል፤ እኔ ቀን አጣሁበት።

ሰንበት ሲሸኝ ማታ ቄስ ፈረደን ያዝኋቸው፦
«ከወንድምህ አራጣ አትውሰድ አይልም?» አልኋቸው።
ሳቁ፣ ጢማቸውን ይዘው፦ «ይህ ቅጣት ነው፣ አራጣ አይባልም፤
ስሙን ሲለውጡት ኦሪት አያውቀውም።»

በዘጠነኛው ቀን የቤቱ ጌታ መጣ፣
በኪርያት ጋት ሙቀት አራት ፎቅ ወጣ።
ሽማግሌው አቡክሲስ፣ ጡረተኛ ዳቦ ጋጋሪ፣
ቀድሞ ውሃ ጠየቀ፤ ገንዘቡ ኋላ ቀሪ።
ጠጣ። ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ፤
የኔ ክስ መስሎኝ ነበር፣ የእሱ ሆኖ ወጣ፦
ለልጁ ሲል ይህን ቤት ለባንክ አስይዟል፤
የኔ ኪራይ ሲዘገይ እሱም ይዘገያል፤
ባንኩም ይቀጣዋል።
ባንኩንስ ማን ይቀጣል? አልተጠያየቅንም፤
እዚያ ድረስ የሚወጣ ደረጃ የለንም።

እስክሪብቶ አነሣ። አንድን ሰርዞ፣
አሥር ጻፈበት፣ እጁ ትንሽ ፈዞ።
እሱ በዕብራይስጥ ከቀኝ ጀመረና፣
እኔም በፊደሌ ከግራ መጣሁና፣
መሐል ላይ ተገናኘን።

«ያለፈው ቅጣትስ?» አለች ልጄ ደፍራ።
አሰበ፣ አሰበ፣ ጣቶቹን ቆጠራ።
«ሰባቱን ቀን ትቻለሁ። አንዷን ግን፣
ሃምሳዋን፣ ለደረጃው።»
ከኪራዩ ጋር ሰጠሁት። ሳያፍር ቆጠረው።

ሲወርድ ሰማሁት፣ በየፎቁ እየቆመ፤
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ዝምታው ረዘመ።
የሕንፃችን መብራት ካበሩት በኋላ
በራሱ ይጠፋል፣ ሰው ይቅር መሰላል መሐላ።
ልጄ ግን በሩ ላይ ማብሪያውን ይዛለት፣
በጠፋ ቁጥር እየተጫነች፣
እስኪወርድ ድረስ ጊዜ ጨመረችለት።