ድንጋይ የሚያበቅል መሬት

ሦስት ሄክታር ገዛን፣ ሳሬማ ደሴት ላይ፤
የዘመመ ጎተራ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ብዙ ሰማይ።
ሽማግሌው ሻጭ ቁልፉን ሲያስረክበን፣
«ድንጋይ ነው የሚያበቅለው» ብሎ ተሰናበተን።
ሳቅን እኔና ታቮ፤ ቀልድ ነበር የመሰለን።

በረዶው ተገፍፎ አፈሩ ሲላላ፣
አካፋችን ጮኸ፤ አንድ ድንጋይ፤ ሌላ፤ ሌላ።
ድንቹ ሳይተከል ወገባችን አለቀ፤
ባንክ ቤት የለሰለሰው የታቮ መዳፍ ተላጠ፣ ደረቀ።
ፒሬ ግን በጋሪዋ ስም እያወጣች ጫነች፤
«ይቺ ላም፣ ይሄ ዳቦ፣ ይሄ አስተማሪዬ» አለች።

ዓመት ዞረና፣ ባጸዳነው መደብ ላይ፣
ውርጭ ገፍቶ አወጣ እንደገና ድንጋይ።
ታቮ ቁጭ አለ፣ ጭልጥ ብሎ በሐሳብ፣
ዓይኑን ተክሎ ከማዶ፣ ከዚያ ከጥንቱ ካብ፤
ጫፉ ሳይቋጭ ቀርቶ ሽበት የወረሰው፣
የካበውን ሰው ስም ሰፈሩ ያላስታወሰው።

ከዚያ ተነሣ። ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቀፈው፤
ያ ሰው ካቆመበት፣ ከጫፉ ላይ ደረበው።

«ይሄስ ማን ይባላል?» ፒሬ ጠየቀችኝ።
«ጎረቤት» አልኳት።
ገባሁ፣ ድንቹ እንዳያርርብኝ።