ከመቃኑ የወጣ እስክርቢቶ

«ቋ» አለ።
የሽምብራ ቆሎ በመንጋጋ መሀል ሲፈለጥ እንደሚለው፣
ከዚያ አትበልጥም ድምጿ፤ የሠራ ያውቃታል፣ ያልሠራ አይሰማው።
ሞርሳውን አላላሁት። ዓይኔ ሳይደርስበት ጣቴ ቀድሞ አየው፤
ከጫፉ ተነስታ፣ ከፀጉር ቀጥና፣ ወደ ወገቡ ስትወርድ፣
ስንጥቅ፤ ያልጠሯት እንግዳ፣ በር ገፍታ ገብታ ስትለምድ።

ዝግባ ነው። የአቶ ልሳነወርቅ የበር መቃን ነበር፣
ደጃች ውቤ ሰፈር።
ቤቱ በፈረሰ ማግስት፣ ቆርቆሮው ሲጫን፣ አቧራው ሲነሳ፣
አንድ ክንድ አስቆርጦ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ መጣ ፒያሳ።
«ሌላው ይቅር» አለኝ፣ «ይቺን ብቻ፣ ልጄ፣
እስክርቢቶ አድርጊያት፣ ትሙቀኝ በእጄ።»
ልደታ ፍርድ ቤት ደጅ፣ ከጃንጥላ ሥር፣ ሠላሳ ዓመት
የሰው አቤቱታ የጻፈ ነው፣ በገጽ ሒሳብ፣ በትዕግሥት።

ጋሽ ኩምሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቶርኖ ያስያዘኝ፣
በክር የታሰረ መነጽሩን አውርዶ እንዲህ ነበር የሚለኝ፦
«እንጨት አይሰነጠቅም፣ ትርንጎ፤ የሚሰነጠቀው ችኮላሽ ነው።
ያልደረቀ ግንድ ክረምቱን በሆዱ ይዟል፤ ታገሺው፣ ይውጣለት።
ጫፉን አታቅጥኚው፤ ሥጋ ይኑረው፣ የሚሸከምበት።
ነሐሱ ቱቦ ውስጥ የደረቀች የማጣበቂያ ጠብታ፣
ሰሊጥ የምታህል፣ እሷ ናት ድግሱን የምትበትን ማታ።
ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለሽ ጥረጊ፤ ጠረግሁ ስትዪ ድገሚ።
አፉን በሊማ ድፋት ስጪው። ቀጥ ብሎ ካልገባ፣ ቁሚ።
እምቢ ያለ እንግዳ በጉልበት አይቀመጥም።»

ሁሉን አውቀው ነበር።
ያን ቀን መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ፤
ሦስተኛው ሳይደርስ ልግጠም ስል፣ የጋሽ ኩምሳ ቃል ፈረሰ።
እሱ ቢኖር አይቆጣም፤ መዶሻውን ያስቀምጥና
ሻይ ልጠጣ ብሎ ይወጣል። ንዴቱ ያ ነበር።

ሌላ እንጨት ቢሆን ጣል አድርጌው ሌላ እጀምራለሁ፤
ወይራም ዋንዛም ሞልቷል፣ መርካቶ ወርጄ እገዛለሁ።
የዚህ መቃን ግን ከእጄ ያለው ነው፣ ሌላ ቁራጭ የለው፤
የቆመበት ደጅ ዛሬ የብስክሌት መንገድ ነው።

በቀጭን ዘንግ፣ ከኋላ፣ በቀስታ መታሁት፤
አንድ። ሁለት። ብረቱ ሲወጣ ትንፋሼን ለቀቅሁት።
ከወለሉ የራሱን ዱቄት ጠርጌ ሰበሰብኩ፣
በምላጭ ጫፍ ስንጥቁ ላይ አጎረስኩ፣
ሱፐር ግሉ ጠብ አደረግሁ። ጠጣው።
ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው፣ አለቀስኩ
(ለጭሱ ነው። እሺ፣ ትንሽ ለሌላም ነው)።
ክር ጠመጠምኩበት፤ አሳደርኩት።
በነጋታው ፈትቼ አለሰለስኩት፣ በሰም ወለወልኩት፤
ቱቦውን ጠረግሁ። ጠረግሁ። ደግሜ ጠረግሁት።
ሞርሳውን አልነካሁም፤ በአውራ ጣቴ፣ ባጭር ባጭሩ፣
የሕፃን እግር ካልሲ ውስጥ እንደሚገባ፣ ገባ ወደ ማደሪያው።
«ቋ» አላለም።
እንዲህ ያለ ዝምታ ፒያሳ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ መጣ አቶ ልሳነወርቅ። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ፣
አዞረው፣ ጥፍሩን አሳለፈበት፤ ጥፍሩ ተንሸራቶ ወረደ።
ዓይኑ ግን አልተሸነገለም። «ይቺ ጥቁር መስመር?»
የእንጨቱ ደም ሥር ናት ማለት ይቻል ነበር።
«ቸኩዬ ሰነጠቅሁት። ጠገንኩት።»

ዝም አለ። ቆየ።
«መቃኑም ስንጥቅ ነበረው» አለ፣ «እኔው በመዶሻ፣
የሠርጌ ዕለት ዘንባባ ስቸነክር። ጭቃ መርጌ ሸፈንኩት፣ እስከ መጨረሻ።»
ከኪሱ የታጠፈ ደረሰኝ አወጣና
ጀርባው ላይ ይጽፍ ጀመር፣ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ፦

«ለተከበሩ ወይዘሪት ትርንጎ፣ ባለ ቶርኖ።
ጉዳዩ፦ በስንጥቅ ምክንያት የዋጋ ቅናሽ ስለመጠየቅ።
አመልካች በትሕትና…»

ቀለሙ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆራረጠም።
አምሳ ብር ቀነስኩለት።
ማመልከቻው ከሞርሳው በላይ ተለጥፏል።