ቀጣይ ተራ

በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ቀላዴን ሰቅዬ፣
ዙፋን ላይ ወጣሁኝ ማውስ ተከትዬ።
ታርቱ በረዶ ነው፤ ኤማዮጊ ረግቷል፤
ከአራተኛ ፎቅ ላይ ዓለም ሁሉ ነጥቷል።
ሚርቴል የፊት ለፊት ጎረቤቴ ልጅ ናት፤
አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ጥርሷ ላይ ሽቦ አላት።
እናቷ ሆስፒታል ሌት ተረኛ ስትሆን
እኔ ጋ ታመሻለች፤ ታስተምረኛለች መንገሡን።

«ኤንደል፣» አለች ሚርቴል፣ «መጀመሪያ ቃፊር፤
ያላየኸውን መሬት ያንተ አድርገህ አትቁጠር።»
እኔ መች ሰማኋት? ቀያሽ ሆኜ ኖሬ፣
አርባ ዓመት በረግረግ ካስማ ቸንክሬ!
«ስለ ካርታ ለኔ?» አልሁ፣ በሆዴ ሳቅሁ፤
ጉሙን ሳልገላልጥ ከተማ ቆረቆርሁ፣
ቤተ መጻሕፍት አቆምሁ፣ ጎዳና ዘረጋሁ።
አምሮ ነበር፣ እውነት። መንገዱ ቀጥ ያለ፣
ማዕዘኑ የተለካ፣ ጠማማ የሌለ።
ለካስ መንገድም ይበላል፤
በየተራው ወርቅ ቀለብ ይሰፈርለታል።
በአርባኛው ተራ ላይ ካዝናዬ ነጠፈ፣
ደመወዝ ያጣ ጦር በሌሊት ከነፈ፣
ከጉም የወጣ ሽፍታ ያለኝን ዘረፈ።
«ቤተ መጻሕፍትህ ያምራል፣» አለች ሻይዋን እያማሰለች፣
«አሁን ግን የእነሱ ነው» — ጥቁር ዳቦ ጎረሰች።

በሁለተኛው ጊዜ ግንብ ብቻ ሠራሁ፤
በድንጋይ ላይ ድንጋይ፣ በበር ላይ በር ጨመርሁ፤
ማንም አልወጋኝም። በረሃብ ተሸነፍሁ።

ስለ ሦስተኛው ባናወራ ይሻላል።

የድሮ የቅየሳ ደብተሬን አወጣሁ፤
ከረግረጉ ልኬት ሥር፣ በእርሳስ ጻፍሁ፦
ከፈረስ በፊት ስንዴ።
ሐውልት የሚሠራው የጠገበ ነው።
ጎረቤት ስጦታ ሲልክ
ድንበር ላይ የተከለውን ድንኳን ቁጠር።
(ይህችን የመጨረሻዋን
ከጨዋታ አልተማርኋትም።)

በየካቲት፣ በአራተኛው ሙከራ፣
ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ተጠራ።
ጎተራዬ ሞልቷል፣ መርከቤ ተሰልፏል፤
ሚርቴል እንኳ ሳትቀር «አያ!» ማለት ቃጥቷታል።
ከሐይቁ ማዶ ግን አንዲት ከተማ አለች፣
በአንድ ቀስተኛ ብቻ ገብሷን ምትጠብቅ፣ ትንሽ ነች።
«ይህችን ጠቅልልና ሐይቁ ያንተ ይሁን፤
አንተ ካልወሰድካት ቀዩ ይውጣታል አሁን።»
ልክ ናት። ስሌቱም፣ ደብተሬም ያንን ይላል።
«ጠቅልል» የሚል ቁልፍ ይጠፋል፣ ይበራል።

አባቴ ይለኝ ነበር፦ እኛን የጠቀለለን ሰው
ፊታችንን አላየም፤ በካርታ ነው የሚያውቀን፤
ያውም የአንድ ጣት ጥፍር ትሸፍነን ነበር።
እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም፦
በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ታዝዤ፣
የስንቱን አጥር ከወረቀት ላይ አጠፋሁ፤
ላጲሱ እንዴት ለስላሳ ነበር!

ጣቴን አነሣሁ። ከተማዋን ተውኋት።
ቀጣይ ተራ። ቀጣይ ተራ። በዘጠነኛው ቀዩ በላት።

ሚርቴል ተቆጣች፦ «ማዘንህ ምን ረባት?
ገብሷም ቀስተኛዋም የሉም አሁን፣ እያት!»
ዝም አልሁ። ሐይቁ ላይ ቀይ ሰንደቅ ይዞራል።
ምሕረት ነው ያልሁት ነገር ለካ መተው ኖሯል።
«ሌላ ቁልፍ የለም ወይ? ከመዋጥ፣ ከመተው ሌላ?»
ግንባሯን ቋጠረች፤ ገጹን ገለጠች ወደ ኋላ፣
ሦስት መስኮት ወርዳ፣ ከታሪፍና ከግብር በታች፣
የምስር ፍሬ የምታክል ጋሻ አሳየች፦
«‹ዋስ መሆን› ይላል። ውድ ነው፤
በየተራው ወርቅ፣ በየተራው ጦር።
ማንም አይነካውም፤
እኔም ነክቼው አላውቅም።»

ደብተሩን ገለጥሁ፤ እርሳሱ ደንዟል።
ደረጃው ላይ የእናቷ ጫማ ይሰማል፤
ሚርቴል አንድ ቡትሷን አጥልቃለች፣ ሌላው እጇ ላይ ነው።
«እንደ አዲስ ክፈችው፣» አልኋት፤ «ስንት ወርቅ ነው ያልሽው?»