ዝም የሚለው ፊደል

ፖዝናን፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቶቹ የማይዘጉ፣
መምህርት ግሮሆልስካ አክብሮትን በሰንጠረዥ ሲዘረጉ፦
ይኼ ለአለቃ የሚባል ግስ፣ ይኼኛው ለባልንጀራ፣
ይኼ ለሕፃን፣ ይኼ ለማያውቁት ሰው፣ ተራ በተራ።
ቀለም ለይቼ ገለበጥኩ፣ ቀዩ ለላይ፣ ሰማያዊው ለታች፤
ሁለት ዓመት የቃል መሰላል ሠራሁ፤ እግሬ ግን ገና አልወጣች።

በሦስተኛው ዓመት ተላክሁ፤ ሞክፖ፣ የደቡቡ ባሕር ዳርቻ፣
ዓሣ እንደ ልብስ በገመድ የሚሰጣባት፤ የማውቀው ሻንጣዬን ብቻ።
አከራዬ ማልሱን ይባላሉ፤ አምስተኛ ሴት ሆነው ሲመጡ
ወላጆች «ሴት እዚህ ላይ ይብቃ» ብለው ስም አወጡ።
(አልሠራም። ስድስተኛዋም ሴት ነበረች።)

ቀዩን ቀለም አወጣሁ፤ ሰላምታዬ ሁሉ ከላይ፣
ግሱን እስከ ጣሪያ ሰቀልኩ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ በር ላይ።
ድመቷንም «እርስዎ» አልኳት። ሳቁ፣ እስኪያስነጥሳቸው።
«እዚህ ቤት ባንክ የለም፣ ልጄ፤ አንቺ በይኝ» አሉ፣ መጥረጊያው በእጃቸው።

ከዚያ ወዲህ እሷ ናት።

የምትናገረው ግን መጽሐፌ ውስጥ የለም፤ ቃሉን ታጥፈዋለች፣
ጅራቱን ቆርጣ ትጥልና ሌላ ጅራት ትቀጥላለች።
እኔ ግሱን እጠብቃለሁ፤ በዚያ ቋንቋ መጨረሻ ነው የሚደርስ፣
እንደ ዘገየ ጀልባ፤ እሷ ሾርባ ልታማስል ትነሣለች፣ ሳትጨርስ።

ማክሰኞ ማክሰኞ በፌስታል የሆነ ነገር ይዛ ትወጣለች።
ወዴት? አትናገርም። አንድ ቀን፣ እየዘነበ፣ ጃንጥላዋን ረሳች፤
ተከተልኳት። ከዓሣ መሸጫው በላይ ጠባብ ክፍል፣ ዐሥራ አንድ አሮጊት፣
እርሳስ እንደ ቢላ ጨብጠው፣ ከፊደል ጋር ሙግት።
ቀና አለች። አየችኝ። ደብተሩን በክንዷ ሸፈነች፣
በሰባ ስምንት ዓመቷ፣ እንደ ተያዘች ልጅ ቀላች።

ሰባተኛው ልጅ ወንድ ነበር፤ እሱ ተማረ።
እሷ ቦርሳውን ተሸክማ ታደርሰው ነበረ፣
እስከ በሩ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላጲስ፤
እኔ እጇን አርማለሁ፣ እሷ ምላሴን።
«ጔንቻና» የሚባል ቃል አለ፤ «ግድ የለም» ማለት ነው፤
ሲጻፍ ከሥሩ አንድ ፊደል ይቀመጣል፣ ድምፅ የሌለው፣
አፍ የማይጠራው፣ እጅ የማይዘለው።
እሷ ሁልጊዜ ትዘለዋለች። እኔ በቀይ እጨምራለሁ፣
«ዝም የሚለውስ የት ሄደ?» እላታለሁ።
አንድ ማታ እርሳሷን አስቀመጠች።
«ሥራው ዝም ማለት ከሆነ» አለች፣
«እኔ ሠርቼለታለሁ።
ሰባ ዓመት።»

ላጲሱን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።
ያን ገጽ እስከ ዛሬ አላረምኩት።

በሰኔ ተመለስኩ። በጥቅምት ደብዳቤ መጣ፤ ስምንት መስመር፣
ፊደሉ ከመስመሩ የሚወርድ፣ አንዳንዱ የሚሰበር።
«ካሊና። ዓሣው ዘንድሮ ትንሽ ነው። ክፍልሽን ለማንም አላከራየሁ።
ጉልበቴን ያመኛል። ጔንቻና። ይኼን ብቻዬን ጻፍኩ፣ ማንንም አልጠየቅሁ።
ድመቷ፦ እርስዎ ደህና ነዎት ወይ? ትላለች።»
ዝም የሚለው ፊደል አልነበረም። ቦታውም ባዶ አልነበረም፤
ቃሉ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ የጎደለው ሰው እንደሌለ ማዕድ።

በፈተና ያው ቃል መጣ። ትክክሉን አውቃለሁ፤ ተኝቼም እጽፈዋለሁ።
እስክሪብቶዬ ከሥሩ ደረሰ፣ ቆመ።
ተውኩት።

ግሮሆልስካ በቀይ ከበቡት፤ ግማሽ ነጥብ ሄደች።
«ካሊና፣ አንቺ? ይኼን?» አሉኝ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።
ግድ የለም፣ አልኩ፣ በዚያው ቋንቋ፣ የሞክፖን ጅራት ቀጥዬበት።
ሰንጠረዡን አዩት።
አላገኙትም።