ሠላሳ አንድ ከሰባ አምስት

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣ አሥረኛው መንገድ ዳር፣
ከጎማ ቤቱ ጎን ነኝ፣ በዚህ በሐምሌ ሐሩር፤
መስታወት እቆርጣለሁ፣ ጣውላ እልጋለሁ፣
የሰው ሕልም ተጠቅልሎ ሲመጣ፣ ለክቼ እገጥማለሁ።

ማዳም ሞዛ መጣች አንድ ቀን ከሰዓት፣
ጡረታ የወጣች የጉምሩክ ሹም ናት፣
በዓመት አንድ ሊቶግራፍ፣ ያውም በቁጠባ፣ ሌላ ሱስ የለባት።
ጥቅልሉን ፈታችው።
ባሕር ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እግሩን አነባብሮ፣
ጃንጥላ ዘርግቷል፣ ዝናብ ፈርቶ ኖሮ፤
ከሥሩ አንድ ዓሣ፣ ሊስትሮ ሆኖ፣ ጫማውን ይወለውላል፤
ከታች በእርሳስ «ሠላሳ አንድ ከሰባ አምስት» ይላል።

«ድንጋይ ላይ ነው» አለችኝ «በቅባት የሚሣለው፣
ውሃና ዘይት ሲጣሉ ነው ሥዕሉ የሚወለደው፤
ሰባ አምስት ሲሞላ ድንጋዩ ይፋቃል፣
ሁለተኛ አይወልድም፣ ማሕፀኑ ይደርቃል።»

እዚህ አገር ወረቀት በወበቁ ያብጣል፣
ማቀዝቀዣ ሲጠፋ፣ እንደ ሰው ፊት፣ ማድያት ያወጣል፤
ስለዚህ ቶሎ ልጨርስላት ስል፣
በአምስተኛው ቀን
አንድ ሰው በሾፌር መጣ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ።
ተረተርኩት፦ ያው ባሕር፣ ያው ወንበር፣ ያው ሊስትሮ ዓሣ፣
ያው ቁጥር በእርሳስ፣ ያቺው አንድ፣ ያው ሠላሳ።

መርካቶ ነው ያደግሁት፤
ስንት ፎርጅድ ሰዓት ሸጫለሁ፣ «ኦርጅናል ነው» ብዬ፣
በእናቴ ስም ምዬ።
አጉሊውን አነሣሁ።
የሰውዬው ቀለም ፍርፍር ነው፣ የድንጋይ ቆዳ ያለበት፤
የሞዛ ነጠብጣብ ነው፣ በማሽን የተሰለፈ፣ እንደ ጋዜጣ ፊት።

ዝም ልበል ብዬ አደርኩ።
ሲነጋ ነገርኳት።

አልጮኸችም። የሻጩን ስም አላነሣችም።
አጉሊውን ተቀብላ አየች፣ ረጅም ጊዜ አየች፣
ከቦርሳዋ የልጅ ላጲስ አወጣች፣
ሠላሳ አንዱን ፋቀች፣
ሰባ አምስቱን ፋቀች፣
ፊርማው ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመችና፣ እሱንም ፋቀች፤
ብናኙን እፍ ብላ
«አሁን አይዋሽም። ግጠምልኝ» አለች።

ገጠምኩት፣ ዋጋ ሳልጠራ።
የሰውዬውም ተገጠመ፤ በሳጥን ታሽጎ መጋዘን ገባ፣ ተከታዩ ገዢ እስኪጠራ።

ማታ ሱቁን ስዘጋ፣ ጠረጴዛው ላይ
ላጲሱን ረስታው አገኘሁት፤
ጫፉ ግራጫ ነው፣
ሠላሳ አንድ ያለበት።